ወረቀትን ስለ መገልበጥ፤ የፊትና የጀርባ ኅትመት ታሪክ ከእጅ ማተሚያ እስከ ጠረጴዛ ላይ ማተሚያ

ባለፈው ዓመት ለአንድ ትምህርት ያዘጋጀሁትን የአርባ ገጽ ጽሑፍ በሃያ ወረቀት ላይ ፊትና ጀርባ አሳትሜ ለማስረከብ ወደ አንድ የፎቶ ኮፒ ሱቅ ሄድሁ። በሱቁ የሚሠራው ልጅ መጀመሪያ 1፣ 3፣ 5 እያለ የሚሄዱትን ገጾች አተመ፤ ቀጥሎም ክምሩን አንሥቶ ገለበጠና ወደ መሳቢያው መልሶ 2፣ 4፣ 6 የሚሉትን አተመ። ሥራው አልቆ ስናየው ጀርባው ሁሉ ተዘቅዝቆ ታትሞ ተገኘ፤ ራስጌው በግርጌ፥ ግርጌው በራስጌ ሆኗል። ልጁ ብዙም አልተደነቀ፤ «ይኸኛው ማሽን እንደዚያኛው አይደለም» ብቻ አለኝ። የመጀመሪያውንም የሁለተኛውንም ኅትመት ዋጋ ከፍዬ ወጣሁ።

ይህ ትንሽ ጉዳት አንድ ጥያቄ አስነሣብኝ። ወረቀት መገልበጥ ሕፃን ልጅ እንኳ የሚያውቀው ነገር ሲሆን ማተሚያ መኪናን ግን ስለ ምን ይህን ያህል ያስቸግረዋል? ነገሩን ወደ ኋላ ተመልሼ ስመረምረው ያገኘሁት መልስ ይህ ነው፤ ችግሩ ከገጹ ይልቅ በጠርዙ ላይ ነው። ወረቀቱ ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ማተሚያው ሲገባ የትኛው ጠርዝ ፊት ፊት እየመራ ይገባል? የአምስት መቶ ዓመት አታሚዎች፥ ዛሬም በየቢሮው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጡት ትናንሽ ማተሚያዎች፥ የታገሉት ከዚህ ከአንድ ጥያቄ ጋር ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስ እለምናለሁ።

የኅትመትን ነገር ከማንሣቴ በፊት ስለ ብራና አንድ ቃል ልናገር። የአገራችን ጸሐፊዎች ብራናውን በሁለቱም ፊት ይጽፉበት እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ቆዳው በብዙ ድካም የሚዘጋጅ ስለሆነ አንዱን ፊት ባዶ ትቶ ማለፍ የሚታሰብ አልነበረም። ታዲያ የፊቱ መሥመር ከጀርባው መሥመር ጋር እንዲገጥም ምን ያደርጉ ነበር? የብራናውን ጠርዝ በወስፌ ይወጉታል፤ ከዚያም ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ በደነዘ ብረት ያሰምሩበታል። መሥመሩ በአንዱ ፊት ሰርጎ በሌላው ፊት ጐብጦ ስለሚታይ፥ አንድ ጊዜ የተሠመረው ለሁለቱም ገጽ ያገለግላል። ጸሐፊው ብራናውን በፈለገው መንገድ ቢገለብጠው ቀዳዳው ቦታውን አይስትም። ይህችን የወስፌ ቀዳዳ አንባቢ ይያዝልኝ።

ወደ ኅትመት ስንመጣ፥ ጥንት በእንጨት ላይ እየተቀረጸ ይታተም የነበረው መጽሐፍ በአንድ ፊት ብቻ ነበረ። በቻይና ወረቀቱ ስስ ነው፤ በቀለም በተቀባው እንጨት ላይ ተዘርግቶ ጀርባው በብሩሽ ይታሻል። ከዚያም ወረቀቱ ከመካከል ታጥፎ፥ ባዶው ፊት ወደ ውስጥ ተደብቆ ይጠረዛል። በአውሮፓም በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት ከእንጨት የታተሙት መጻሕፍት ጀርባቸው ታሽቶ ስለሚበላሽ ሁለቱ ባዶ ፊቶች በሙጫ ይጣበቁ ነበር። እንግዲህ በእጅ እያሹ ማተም እስካለ ድረስ ጀርባው የሥራው መሣሪያ ነውና ለጽሑፍ አይተርፍም።

ይህን የለወጠው በመጠምዘዣ የሚጫን ማተሚያ ነው። ዮሐንስ ጉተንበርግ በ1455 ገደማ በማይንዝ ከተማ ያተመው መጽሐፍ ቅዱስ በሁለቱም ፊት የታተመ ነው። ወረቀቱ የሚዘረጋው እንደ መዝጊያ በሚከፈትና በሚዘጋ ማዕቀፍ ላይ ሲሆን፥ በማዕቀፉ ላይ ወረቀቱን የሚወጉ ሹል መርፌዎች ነበሩ። አንደኛው ፊት ታትሞ ወረቀቱ ሲገለበጥ አታሚው ቀዳዳዎቹን በእነዚያው መርፌዎች ላይ መልሶ ይሰካል፤ ሁለተኛው ፊትም በመጀመሪያው ልክ ይወድቃል። ቀዳዳዎቹ በዚያ መጽሐፍ ቅጠሎች ላይ ዛሬም ይታያሉ። የብራና ጸሐፊው ወስፌና የአታሚው መርፌ አንዱ ከሌላው የተማረ ነው ለማለት አልደፍርም፤ ሁለቱ የሠሩት ሥራ ግን አንድ ነው።

ሌላም ብልሃት ነበራቸው። የእጅ አታሚዎች ቀለሙ በደንብ እንዲይዝ ወረቀቱን ከማተማቸው በፊት ያርሱት ነበር። የራሰ ወረቀት ይለጠጣል፥ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ስለዚህ ሁለተኛው ፊት ወረቀቱ እርጥበቱን ሳይለቅ መታተም ነበረበት። ከደረቀ በኋላ ቢታተም ቀዳዳው ከመርፌው ጋር አይገናኝም። ይህ ነገር በኋላ በሌላ መልክ ተመልሶ ይመጣልና አልዘለልሁትም።

የእጅ ማተሚያ በሰዓት ቢበዛ ወደ 250 ያህል ወረቀት በአንድ ፊት ያትም ነበር። በኅዳር 1814 ግን ጀርመናዊው ፍሪድሪኽ ኬኒግ ከጓደኛው ከአንድሬአስ ባወር ጋር የሠራው በእንፋሎት የሚሽከረከር መኪና የለንደኑን «ታይምስ» ጋዜጣ በሰዓት 1,100 ወረቀት አተመ። ይህም በአንድ ፊት ነው። ኬኒግ ወዲያው ሁለቱን ፊት በአንድ ጉዞ የሚያትም መኪና አስከተለ። የእንግሊዝ አታሚዎች ሁለተኛውን ፊት ማተም «መፈጸም» ይሉታል፤ በአንድ ፊት የታተመ ወረቀት ያልተፈጸመ ሥራ መሆኑን በደንብ የሚያሳይ ቃል ነው።

ኤድዋርድ ካውፐር በ1818 ይህን አሳብ አሻሽሎ ያቀረበው ዘዴ ለጉዳያችን ዋነኛ ስለሆነ ቆም ብዬ ልግለጸው። በመኪናው ላይ ሁለት የማተሚያ ሲሊንደሮች አሉ። ወረቀቱ በመጀመሪያው ላይ ተጠቅልሎ አንዱ ፊቱ ይታተማል። ከዚያ በጨርቅ ጥብጣብ ተይዞ በመካከል ባሉት ሁለት ከበሮዎች ላይ እንደ እባብ ተጥመልምሎ ያልፋል፤ ወደ ሁለተኛው ሲሊንደር ሲደርስ ሌላው ፊቱ ወደ ፊደሉ ዞሮ ይገኛል። ልብ እንበል፤ ወረቀቱ አልቆመም፥ ወደ ኋላም አልተመለሰም። መጀመሪያ የገባው ጠርዝ እስከ መጨረሻው መሪ እንደ ሆነ ነው። ይህ ሊሆን የቻለው ግን መኪናው ሁለት ማተሚያ ስለ ነበረው ነው፤ የመገልበጡ ችግር የተፈታው ሁለተኛ ማተሚያ በመግዛት ነው ማለት ይቻላል።

አሜሪካዊው ዊልያም ቡሎክ ደግሞ በ1863 ፈቃድ ባወጣበት መኪና ቍርጥራጭ ወረቀት ማጉረስን አስቀርቶ ጥቅል ወረቀት አስገባ፤ ጥቅሉ እየተፈታ ይቈረጣል፥ በሁለቱም ፊት ይታተማል። በ1867 በፊላደልፊያ መኪና ሲተክል እግሩ በራሱ መኪና ተይዞ ተቀጠቀጠና በዚያው ጠንቅ ሞተ። የጋዜጣ ኅትመት እስከ ዛሬ በዚህ በጥቅሉ መንገድ ይሄዳል፤ ስለ እርሱ ከዚህ በላይ አላትትም።

ከታላላቆቹ ማተሚያ ቤቶች ወርደን ወደ ቢሮ ስንገባ ነገሩ ይለወጣል። በትምህርት ቤትና በመሥሪያ ቤት ለብዙ ዘመን ያገለገለው በስቴንስል የሚያባዛው መኪና ጀርባን የሚያትመው በሰው እጅ ነበረ። ክምሩ እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ ተገልብጦ እንደገና ይገባል። ያልደረቀው ቀለም በሚቀጥለው ወረቀት ላይ እንዳይታተም በየመካከሉ ባዶ ወረቀት የሚያስገባ ረዳት የሚቆምበትም ጊዜ ነበረ። የድሮ ተማሪዎች ጽሑፎችን ያገላበጠ ሰው ከጀርባ ዘልቆ የሚታየውን የስቴንስል ቀለም ያውቀዋል።

ቸስተር ካርልሰን በ1938 የፈለሰፈው ደረቅ የማባዣ ዘዴ በ1959 «ዜሮክስ 914» በተባለው መኪና ወደ ቢሮ ገባ። በዚህ ዘዴ ቀለሙ ዱቄት ነው፤ በኤሌክትሪክ ኀይል ከድራሙ ላይ ወደ ወረቀቱ ይዘላል፥ በሙቀት ቀልጦ ይጣበቃል። ከዚህ በኋላ የመጡት ፊትና ጀርባ የሚያባዙ መኪናዎች መጀመሪያ የተከተሉት የልጁን ዘዴ ነው፤ ማለት በአንድ ፊት የታተሙትን ወረቀቶች በመኪናው ሆድ ባለ መሳቢያ ውስጥ ይከምሩና ክምሩ ሲሞላ እንደገና አንድ በአንድ እየሳቡ ጀርባውን ያትማሉ። በሙቀት የተጠቀለለ፥ ኤሌክትሪክ ያደረበት ወረቀት ግን እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ሁለት ሦስት ሆኖ ይሳባል፥ ይቀረቀራልም። ጋሪ ስታርክዌዘር በዜሮክስ ኩባንያ የጀመረው የሌዘር ማተሚያ በ1977 «ዜሮክስ 9700» ሆኖ ለገበያ ሲቀርብ በደቂቃ 120 ገጽ ያትም ነበር፤ ፊትና ጀርባም ያትማል። ግን የክፍል እንጂ የጠረጴዛ ዕቃ አልነበረም።

የጠረጴዛው ታሪክ የሚጀምረው በ1984 ሂውሌት ፓካርድ የካኖንን ሞተር ተጠቅሞ ባወጣው «ሌዘርጄት» ነው። በደቂቃ 8 ገጽ ያትም ነበር፤ በአንድ ፊት ብቻ። የታተመው ፊት ወደ ላይ ሆኖ ስለሚወጣ ክምሩ ከመጨረሻው ገጽ ጀምሮ ይደረደር ነበር፤ ተጠቃሚው እያንዳንዱን ሰነድ በእጁ መልሶ መደርደር ነበረበት። በ1987 የመጣው «ሌዘርጄት ሁለት» ወረቀቱን ጠቅልሎ በአፉ በመድፋት ይህን አስተካከለ። በ1988 የወጣው «ሌዘርጄት ሁለት ዲ» ደግሞ ፊትና ጀርባን በራሱ የሚያትም የመጀመሪያው የጠረጴዛ ሌዘር ማተሚያ ሆነ። መገልበጫው በዚያው ሣጥን ውስጥ ገባ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የካውፐርን መኪና እናስታውስ። የጠረጴዛ ማተሚያ ያለው ድራም አንድ ነው፤ ሁለተኛ ድራም ቢጨመር ዋጋውም መጠኑም እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ወረቀቱ ወደዚያው ድራም መመለስ አለበት። መመለሱ ብቻ ግን አይበቃም። ወረቀቱ ክብ መንገድ ዞሮ ወደ ፊት እየሄደ ቢመለስ፥ መንገዱ የፈለገውን ያህል ቢጠማዘዝ፥ ወደ ድራሙ የሚዞረው ያው የታተመው ፊት ነው። አንባቢ በመኪና ቀበቶ ሊፈትነው ይችላል፤ ቀበቶው ሺህ ጊዜ ቢዞር የውጩ ገጽ የውጭ እንደ ሆነ ይኖራል። ወረቀቱ የሚገለበጠው አቅጣጫውን ሲቀይር ብቻ ነው። በፊቱ ወደ ጠባብ ሰፈር መንገድ የገባ ታክሲ መዞሪያ ሲያጣ በጀርባው እንደሚወጣ፥ ወረቀቱም ገብቶ፥ ቆሞ፥ ወደ ኋላ መውጣት አለበት።

ሥራው እንዲህ ይፈጸማል። ወረቀቱ ከመሳቢያው በጎማ ሮለር ይነሣል፤ ከድራሙ በፊት ያሉት ሁለት ሮለሮች ጠርዙን ለቅጽበት አቁመው ያስተካክሉታል፤ ያልፋል፥ ይታተማል፥ በማሞቂያው ውስጥ ይጣበቃል። ከዚያ ከማተሚያው ራስ ላይ ብቅ ማለት ይጀምራል። ፊትና ጀርባ የሚያትም ማተሚያ ያየ ሰው ይህን ያውቃል፤ ወረቀቱ ሊወጣ እየመሰለ ይመጣና ግርጌው ሊለቅ ጥቂት ሲቀረው ይቆማል። የመውጫው ሮለሮች በተቃራኒ ይዞራሉ፤ ትንሽ የብረት ወይም የፕላስቲክ ምላስ መንገዱን ትቀይራለች፤ ወረቀቱም አሁን በግርጌው እየተመራ በጀርባ ወይም በሥር በኩል ወዳለው መንገድ ይገባና እንደገና ወደ ሁለቱ ሮለሮች ይደርሳል። በራሱ የገባው በእግሩ ተመለሰ።

የጥያቄዬ መልስ እዚህ ላይ ነው። ድራሙ አንድ በሆነበት መኪና መገልበጥና ጠርዝ መቀየር ሁለት ነገር አይደሉም፤ አንዱን ያለ ሌላው ማግኘት አይቻልም። ከዚህም ብዙ ጣጣ ይከተላል።

የመጀመሪያው፥ ጀርባው የሚታተመው ከግርጌው ጀምሮ ነው። እንደ መጽሐፍ በጎን የሚገለጥ ሰነድ ከሆነ ማተሚያው የገጹን ሥዕል አዙሮ ከመጨረሻው መሥመር መጀመር አለበት፤ እንደ ግድግዳ ቀን መቍጠሪያ ወደ ላይ የሚገለጥ ከሆነ ግን መዞር አያስፈልገውም። የእኔ ሃያ ወረቀት የተበላሸው በዚህ ነው። ልጁ ክምሩን ሲያስገባ የሱ እጅና የኮምፒዩተሩ አሳብ ስለ መሪው ጠርዝ አልተስማሙም።

ሁለተኛው የማስታወስ ችሎታ ነው። ወረቀቱ በአፉ ተደፍቶ በቅደም ተከተል እንዲወጣ በመጨረሻ የሚታተመው ገጽ 1 መሆን አለበት፤ እንግዲህ ገጽ 2 ቀድሞ ይታተማል። ማተሚያው ወረቀቱን ከማንሣቱ በፊት ሁለቱንም ገጽ ማወቅ ይኖርበታል። በአንድ ኢንች 300 ነጥብ የሚታተም የኤ4 ገጽ ከ8 ሚሊዮን 600 ሺህ በላይ ነጥቦች አሉት፤ ይህም ከ1 ሚሊዮን ባይት ጥቂት ያልፋል። «ሌዘርጄት ሁለት» ሲሸጥ ይዞት የሚመጣው የማስታወሻ መጠን ግን 512 ሺህ ባይት ያህል ነበር። ፊደል ብቻ ላለበት ገጽ ይበቃል፤ ሥዕል ለሞላበት አንድ ገጽ እንኳ አይበቃም። እንግዲህ በሁለት ፊት ማተም የሮለርና የጥርስ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን፥ ያን ጊዜ እጅግ ውድ የነበረው የማስታወሻ ጉዳይም ሆነ። መካኒኩ ያመጣውን ዕዳ የኤሌክትሮኒኩ ክፍል ከፈለ ማለት ነው።

ሦስተኛው የወረቀቱ ጠባይ ነው። ልኩ የሚወሰደው ከመሪው ጠርዝ ስለሆነ፥ የኤ4 ወረቀት ርዝመቱ 297 ሚሊሜትር መሆኑ ቀርቶ አንድ ሚሊሜትር ቢያጥር፥ የጀርባው ጽሑፍ ከፊቱ አንድ ሚሊሜትር ይዛነፋል። በመርፌ የሚሰካው አታሚ ይህ ችግር አልነበረበትም፤ ቀዳዳው ወረቀቱ የትም ቢቈረጥ ቦታውን አይለቅም። በዚህ ላይ ማሞቂያው ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ሙቀት አለው። ወረቀት ከክብደቱ 5 በመቶ ያህል ውሃ ይይዛል፤ በሙቀቱ ውስጥ ሲያልፍ ከፊሉን ያጣና ይሰበሰባል፥ ጫፉም ይጠቀለላል። ሁለተኛው ፊት የሚታተመው እንግዲህ በትንሹ ባጠረና በጐበጠ ወረቀት ላይ ነው። የጉተንበርግ ዘመን አታሚ ወረቀቱ ከመድረቁ በፊት ይቸኩል ነበር፤ የዛሬው መኪና ግን ራሱ አድርቆ ራሱ ይቸገራል። ፊትና ጀርባ ሲታተም ወረቀት ቶሎ ቶሎ የሚቀረቀረውም በአብዛኛው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል፤ የተጠቀለለው ጫፍ አሁን መሪ ሆኗልና። እርጥበት የገባበት፥ ተከፍቶ የሰነበተ ወረቀት ደግሞ ይብስበታል።

ጊዜን ለማትረፍ የተገኘው ብልሃት ደስ የሚያሰኝ ነው። አንዱ ወረቀት በመመለሻው መንገድ ላይ ሳለ ድራሙ ሥራ ፈትቶ እንዳይጠብቅ ሌላ ወረቀት ይገባል። ለምሳሌ 2 ታትሞ ሲመለስ 4 ይታተማል፤ ቀጥሎ 1፥ ከዚያ 6፥ ከዚያ 3 ይታተማል። ወረቀቶቹ በጠባቡ ሣጥን ውስጥ ሳይነካኩ ይተላለፋሉ።

በቀለም ርጭት የሚያትሙት ማተሚያዎች ሌላ ጠላት ነበራቸው፤ እርሱም እርጥብ ቀለም ነው። ሂውሌት ፓካርድ በ1999 ባወጣው «ዴስክጄት 970» ከኋላ የሚገጠም መገልበጫ ነበረ። ወረቀቱ ፊቱ ከታተመ በኋላ ቀለሙ እስኪደርቅ ጥቂት ይቆያል፤ ከዚያ በግርጌው ወደ ኋላ ተስቦ በመገልበጫው ሮለር ላይ ይዞርና ይመለሳል። የስቴንስሉ ረዳት በየመካከሉ የሚያስገባው ባዶ ወረቀት ቀርቶ ዝምታ ተተካ ማለት ይቻላል።

በታላላቆቹ ማተሚያዎች የካውፐር መንገድ አልጠፋም። በ1993 የቀረበው የቤልጅጉ «ዛይኮን» በጥቅል ወረቀት ላይ ፊትንና ጀርባን በአንድ ጉዞ አተመ፤ በግራና በቀኝ የየራሳቸው ድራሞች ስላሉት መገልበጥ አላስፈለገውም። የጠረጴዛው ማተሚያ ይህን ለመከተል ዋጋው አልፈቀደለትም። መገልበጫውም ቢሆን ለብዙ ዓመታት ለብቻው የሚገዛ ተጨማሪ ዕቃ ነበረ፤ በ2007 ሥራ ላይ የዋለው የአሜሪካ «ኤነርጂ ስታር» ደንብ ምልክቱን ለማግኘት ለሚፈልጉ ፈጣን ማተሚያዎች በራሳቸው ፊትና ጀርባ ማተምን ግዴታ አደረገ፤ ለዝግታኞቹ ግን አላስገደደም። በየሱቁ በርካሽ የሚገኙት አነስተኛ ማተሚያዎች ብዙዎቹ ዛሬም የሰው እጅ ይጠብቃሉ።

ለእኛ ለተማሪዎች ይህ የቴክኒክ ወሬ ብቻ አይደለም። 120 ገጽ ያለው የመመረቂያ ጽሑፍ በአንድ ፊት ሲታተም 120 ወረቀት ነው፤ ለአማካሪ፥ ለፈታኝና ለቤተ መጻሕፍት በሦስት ቅጂ ሲሆን 360 ይሆናል። በሁለት ፊት ቢታተም 180 ይበቃ ነበር። እንዲያም ሆኖ ጽሑፍ በአንድ ፊት ብቻ ይቅረብ የሚል መመሪያ በተለያዩ ትምህርት ቤቶች አጋጥሞናል። በእኔ አስተያየት ይህ ልማድ የጽሕፈት መኪና ቅርስ ነው፤ የመኪናዋ ፊደል ወረቀቱን እየመታ በጀርባው ስለሚያጐብጥ ሁለተኛው ፊት በእርግጥ አይመችም ነበር። ዱቄት ቀለም ግን ወረቀት አይመታም። መምህራን ለእርማት ባዶ ጀርባ ያስፈልገናል ካሉ ክርክሩን እቀበላለሁ፤ ለቤተ መጻሕፍቱ ቅጂ ግን ይህ ምክንያት አይሠራም።

መገልበጫ በሌለው ማተሚያ ለሚያሳትም ባልንጀራዬ፥ ከዚያ ቀን ወዲህ የማደርገውን ልንገር። ክምሩን ከማስገባቴ በፊት በአንድ ባዶ ወረቀት ራስጌ ላይ በእርሳስ ቀስት እሠራና ቀስቱ ወደ ላይ ሆኖ ወደ መሳቢያው አስገብቼ አንድ ገጽ አሳትማለሁ። ጽሑፉ ቀስቱ ባለበት ፊት ነው ወይስ በሌላው? ራስጌው ከቀስቱ ጋር ነው ወይስ ተቃራኒ? ይህን አይቼ ክምሩ እንዴት መግባት እንዳለበት ለሱቁ ልጅ አሳየዋለሁ። አንድ ወረቀት ይጠፋል፤ ሃያው ግን ይተርፋል።